ከሀዋሳ ተነሥቶ በባቱ፣ በአዳማ፣ በአሰላና በዲንሾ ዞሮ መመለስ፦ የ17 ቀናት የዘመድ ጥየቃ ጉዞ በጥቅምት

ታቦር ግርጌ (ሀዋሳ)፣ ጥቅምት 20

ለተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

እኔና ባለቤቴ ከመስከረም 28 እስከ ጥቅምት 14 ድረስ ከሀዋሳ ተነሥተን በአርሲ ነገሌ፣ በባቱ፣ በአዳማ፣ በአሰላና በዲንሾ ዞረን በኮፈሌና በሻሸመኔ በኩል ወደ ቤታችን ተመልሰናል። ዓላማችን ዘመድና ወዳጅ መጠየቅ፣ በዚያውም ክረምቱ አጥቦት ያለፈውን አገር ማየት ነበር። ስለ ቦታዎችና ስለ መንገዶች እዚህ ብዙ ተጽፏል፤ ዘመድ ጥየቃንና አገር ማየትን አንድ ላይ ስለማድረግ ግን እምብዛም ስላላነበብሁ ያየነውን በዝርዝር ላካፍላችሁ ወደድሁ።

መነሻችንን ልናገር። ትዳራችን 34 ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። በእነዚህ ዓመታት ወደ አዳማና ወደ አርሲ ስንት ጊዜ እንደ ሄድን አንድ ቀን ቁጭ ብለን ስንቆጥር፣ ከሁለት ሠርግ በቀር የሄድነው ሁሉ ለለቅሶ መሆኑን አወቅን። ባለፈው ዓመት አጎቴ ያረፉ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሰው ስለ እርሳቸው የሚያወራውን ስሰማ፣ ከታሪካቸው ግማሹን እንኳ ከራሳቸው አንደበት ሰምቼ እንደማላውቅ ተረዳሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከቀብር መልስ ባለቤቴ «የቀሩትን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው» አለችኝና በዚያው ተስማማን።

ጥቅምትን የመረጥነው አስበንበት ነው። ዝናቡ ይቆማል፣ ጭቃው ይደርቃል፤ በአርሲ ስንዴውና ገብሱ ገና ለአጨዳ ስላልደረሰ ገበሬው ከእንግዳ ጋር ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል። አደይ አበባውም በየመንገዱ ዳር አለ። ለሐይቆቹም ቢሆን ወቅቱ መልካም ነው፤ ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚገቡት በዚሁ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት በላንጋኖ ዳርቻ ለማደር በስልክ ክፍል ይዘን ነበር፤ ስንደርስ ክፍሉ ለሌላ እንግዳ እንደ ተሰጠ ተነገረንና በምሽት ወደ አርሲ ነገሌ ተመልሰን አደርን። በማግሥቱ መኪና ተከራይተን ወደ አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ጠባቂ ተመድቦልን፣ ሰጎኖቹንና የሜዳ ፍየሎቹን አልፈን፣ ሁለቱ ሐይቆች ወደሚታዩበት ከፍታ ወጣን። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በገደሎቹ መካከል ጸጥ ብሏል። አቢጃታ ግን ዝርግ ነው፤ በዳርቻውም ፍላሚንጎዎቹ እንደ ተዘረጋ ቀይ ጥለት ይታያሉ። በእውነት ልብ የሚሞላ ነገር ነው፤ ደስ ብሎን ወደ ባቱ አመራን።

በባቱ የሚኖረው የሠርጌ ሚዜ ነው። ባለቤቴ ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ «ወንድሜ» ብላ ትጠራዋለች፤ ነገር ግን 11 ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። ማታ ስለ አቢጃታ ውበት ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ነገ እንደገና አብረን እንሂድ» አለኝ። በወጣትነቱ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ያንን አገር በእግሩ ዞሮታል። በማግሥቱ ወስዶ ሣር ከበቀለበት ሜዳ ላይ አቆመንና «ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ዓሣ የገዛሁት እዚህ ላይ፣ ከጀልባ ነበር» አለን። ውኃው ከቆምንበት ተነሥቶ በዓይን እስከሚደክም ድረስ ርቋል፤ በመካከሉ ያለው መሬት በነጭ ጨው ተሸፍኗል።

ነገሩንም ከሥሩ አስረዳን። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ካታርና ከጉራጌ ከፍታ የሚመጣው መቂ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ከአቢጃታ ወደ ሌላ የሚፈስ ውኃ የለም። ስለዚህ በላይ በኩል ለመስኖ የሚወሰደው ውኃ ሁሉ ከመጨረሻው ተቀባይ ይጎድላል፤ የቀረው ጨዋማነቱ እየበረታ ሲሄድ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ እንቁላል የሚጥሉት ፔሊካኖች ቀድሞ ለምግብ ወደ አቢጃታ ብቅ ይሉ ነበር፤ ዛሬ ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ርቀው መብረር አለባቸው። እኔ ትናንት በዚያው ቦታ አልፌ ከዚህ አንዱንም አላየሁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞአችንን ቅደም ተከተል ለወጥን። ተፈጥሮውን በመንገድ ላይ አይቶ ወደ ዘመድ ቤት መግባት ቀረና፣ መጀመሪያ ዘመድ ቤት ገብተን፣ ቡና ጠጥተን፣ አገሩን የሚያውቀውን ሰው ከቤቱ ይዘን መውጣት ጀመርን። ለእናንተ ላካፍል የፈለግሁት ዋና ነገር ይህ ነው።

በአዳማ የባለቤቴ ታላቅ እህት አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት እምብዛም አይወጡም። እኛ ግን ሶደሬ ድረስ ይዘናቸው ሄድን፤ በአዋሽ ዳር ካለው ፍል ውኃ ሁለቱ እህትማማቾች ሙሉ ጠዋት ሲቀመጡ፣ እኔ ከዛፎቹ ሥር ዝንጀሮና ጦጣ ስጠብቅ ዋልሁ። እትዬ ስለ ልጅነታቸው የተናገሩትን ባለቤቴ እስከዚያ ቀን ሰምታው አታውቅም። ከከተማው ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ ያሉትን የነፋስ ማመንጫዎችም የልጅ ልጃቸው ወስዶ አሳየን፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102 ሆነው ተተክለዋል።

ከአዳማ ወደ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመናኸሪያ በንጋት በሚኒባስ ተነሥተን በጠዋቱ ደረስን። አክስቴ 86 ዓመታቸው ነው። ልንመጣ መሆኑን አልነገርናቸውም፤ ድንገት ብንደርስ የበለጠ ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። በሩን ከፍተው ሁለታችንን በማለዳ ቆመን ሲያዩን እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑና «ማን ሞተ?» አሉ። «ማንም አልሞተም፣ ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው» ብንላቸውም አላመኑንም። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዲት ሴትማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። አክስቴ እስኪረጋጉ ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ዘመድ በማለዳ በር ላይ የሚቆመው መርዶ ይዞ ብቻ እንደ ሆነ ያስተማርናቸው እኛው ነን።

ኋላ ግን የሰጡንን አልረሳውም። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ከምንሻገራቸው ወንዞች አንዱ ዳር አቁመውን፣ አባቴ በክረምት በበቅሎ ሲሻገር ውኃው ሊወስደው የነበረበትን ቦታ አሳዩኝ። «ይህ ውኃ ወደ ካታር ነው የሚገባው» ሲሉኝ፣ የባቱው ሚዜዬ ያሳየኝ የደረቀ ሜዳ ትዝ አለኝ። አባቴን ሊወስደው የነበረው ውኃ መድረሻው እዚያ ነው።

ከዚያ በበቆጂና በዶዶላ በኩል በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወዳለችው ዲንሾ ወጣን። በዶዶላ መምህር የሆነው የአክስቴ የልጅ ልጅ አብሮን መጣ። በጽዱና በኮሶው ደን ውስጥ የደጋ አጋዘኖች ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቀው ሳይፈሩ ይግጡ ነበር። በጋይሳይ ሜዳ ከርከሮም አየን። ሌሊቱ ግን እጅግ ይበርዳል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለምን እንደ ሆነ በዲንሾ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

አስተያየታችሁን የምጠይቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አረጋውያንን ሳያስደነግጡ ለመጠየቅ እንዴት ማሳወቅ ይሻላል? ሁለተኛ፣ በዘመድ ቤት ማደር ወይስ በሆቴል?

የአዳማዋ፣ ጥቅምት 20

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ለእናቴ አነበብሁላት፤ «ማን ሞተ?» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀሰች። በእኛም ቤት ተመሳሳይ ነገር ደርሷል።

ስለ ማሳወቁ ከልምድ የማውቀውን ልናገር። ለአረጋዊው በቀጥታ መደወል ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩ ራሱ ያስደነግጣል፣ በተለይ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተደወለ እንደ ሆነ። እኛ አስቀድመን የምንነግረው አብሯቸው ለሚኖረው ልጅ ወይም ለቅርብ ጎረቤት ነው። እርሱ በቡና ሰዓት፣ ሰው ባለበት፣ «እነ እገሌ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ» ብሎ ያወራል። ከዚያ እኛ ራሳችን ደውለን ድምፃችንን እናሰማለን። የመድረሻው ሰዓትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን መልካም ነው፤ በዚያ ሰዓት መርዶ የሚያረዳ የለም። ልብስም ቢሆን ይታሰብበት፤ ሴቶች በመንገድ ብርድ ጥቁር ነጠላ ወይም ጥቁር ሻርፕ ደርበው ባይደርሱ ይመረጣል።

መጸው፣ ጥቅምት 21

የሄዳችሁበት አቅጣጫ አንድ ትልቅ ጥቅም እንዳለው ልጨምር። ብዙ ሰው ከሻሸመኔ ተነሥቶ በአንድ ቀን ወደ ዲንሾ ስለሚወጣ ሌሊቱን ራስ ምታትና የእንቅልፍ እጦት ያሠቃየዋል። እናንተ ከአዳማ ተነሥታችሁ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለችው አሰላ ቀናት ቆይታችሁ፣ ወደ 2,800 ሜትር በምትጠጋው በቆጂ አልፋችሁ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ዲንሾ በመውጣታችሁ ሰውነታችሁ ቀስ በቀስ ለምዷል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሳነቴን አምባ ሳታዩ መመለሳችሁ ግን አሳዝኖኛል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚሻገረው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው አምባ ላይ ያልፋል፤ በአፍሪካ ውስጥ መኪና ከሚሄድባቸው ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ነው። ጅብራው እንደ ቆመ ሰው በየሜዳው ተበትኖ፣ ቀይ ቀበሮዋ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ አድፍጣ የምትታየው እዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከአምባው ወደ ደቡብ ስትወርዱ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ያልቅና የሐረና ደን ይጀምራል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ዱር ቡና ጥላ ትደርሳላችሁ። ለሚመጣው ዓመት አንድ ሌሊት በጎባ ጨምሩ።

ዝዋይ ዳር፣ ጥቅምት 21

የባቱ ነዋሪ እንደ መሆኔ ሚዜዎ የነገሩዎትን በአብዛኛው አረጋግጣለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ ላርም እወዳለሁ። የአቢጃታን መጉደል በመስኖ ብቻ ማሳበብ አርሶ አደሩን ብቻውን ተወቃሽ ያደርገዋል። ከሐይቁ ውኃ ተስቦ ሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ኬሚካል) ሲመረት ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሐይቁ ዝርግ በመሆኑም በፀሐይ የሚተነው ውኃ ብዙ ነው፤ በዙሪያው ያለው የግራር ደንም ለከሰል ተመንጥሯል። ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል የሚመጣለት ውኃ አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ካላየን መፍትሔውም አንድ ወገን ላይ ይወድቃል።

በባቱ ሦስት ሌሊት አድራችሁ ወደ ደሴቶቹ አለመሻገራችሁ ይቆጫል። በዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከእነርሱ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ገዳም ይገኝበታል። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚያ እንደ ተቀመጠች በትውፊት ይነገራል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዘዮች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በጀልባ የሚሄድ ሰው በማለዳ ቢነሣ ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል።

ምራት ነኝ፣ ጥቅምት 22

ከሁላችሁ የተለየ ሐሳብ ስላለኝ በአክብሮት እጽፋለሁ። እኔ የባሌን እናት በቤቴ የምጦር ሴት ነኝ። ዘመድ ለጥየቃ ሲመጣ እማማ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም የእርሳቸውን ደስታ ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እንግዳው አምስት ሌሊት ሲያድር እንጀራ የሚጋገረው በማን እጅ እንደ ሆነ በዚህ ክር ውስጥ አንድ ሰው አላነሣም። ሥራ ውዬ እገባለሁ፤ ሊጥ አቦካለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ አልጋ ለቅቄ ከልጆቼ ጋር መሬት እተኛለሁ። የወሩ ዘይትና በርበሬ በሳምንት ያልቃል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ በእኛ ባህል እንግዳን መቁጠር ነውር ነውና። ጽሑፉ ደግና ልብ የሚነካ ነው፤ ጸሐፊው ስለ ሐይቁ ውኃ የጠየቁትን ያህል የቤቱን ውኃ ማን እንደ ቀዳም ቢጠይቁ ኖሮ ግን ሙሉ ይሆን ነበር።

ታቦር ግርጌ (ሀዋሳ)፣ ጥቅምት 22

እህቴ፣ የጻፉት እውነት ነው፤ እኔም ይህን ማንሣት ይገባኝ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው ባለቤቴ ስለ ሆነች እርሷ እንድትጽፍ ለምኛታለሁ።

የታቦር ግርጌ ባለቤት፣ ጥቅምት 23

እህቴ ሆይ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔም አማቴን 9 ዓመት ጦሬአለሁና የምትዪውን አውቀዋለሁ።

ስንነሣ ከሀዋሳ የያዝነው በአብዛኛው የሚበላ ነገር ነበር። ለየቤቱ አምስት አምስት ኪሎ የሲዳማ ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ለአክስታችን ደግሞ ከቡናው በተጨማሪ አናናስና ጋቢ ወስደናል። ይህን በር ላይ ለባለቤቱ ማስረከብ ሳይሆን ወጥ ቤት ገብቶ ለምታበስለዋ ሴት በእጇ መስጠት ይገባል፤ ቤቷ የጎደለውን የምታውቀው እርሷ ናት። በየቤቱ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቡናውን የማፈላው እኔ ነበርሁ። አዳማ እህቴ ቤት ይህ ቀላል ነው። አሰላ ግን የአክስታችን ምራት መጀመሪያ እንቢ አለችኝ፤ «እንግዳ አይሠራም» አለች። «የአማትሽ የወንድማቸው ልጅ ሚስት ነኝ፣ እንግዳ አይደለሁም» ብዬ ሽንኩርቱን ከእጇ ወሰድሁት።

ስለ ጾሙም ልናገር። እኔ ጽጌን እጾማለሁ፤ የደረስንበት ቤት ሁሉ ግን በግ ሊያርድልን ተነሣ። ቀድመን ብንናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቅ ባልነበረ፤ በአሰላ እኔ ሳልናገር በጉ ከገበያ ተገዝቶ በር ላይ ታሰረ። ለአክስታችን «በጉ ይቆይና ለገና ይሁን፣ እኔን ሽሮ አብሉኝ» ብዬ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ካሰቡበት በኋላ እሺ አሉ። በእርግጥ ባቱ ላይ ወንድሜ ዓሣ ሊያበላኝ ሲለምነኝ እንቢ ማለቴ አስከፍቶታል፤ ባለቤቴ ግን የእኔንም ድርሻ ቆሮሶ በልቶልኛል።

በአንድ ነገር ከባለቤቴ ጋር አልስማማም። በአሰላ አምስት ሌሊት በዝቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ ምራቲቱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሳለች እንቅልፍ ሲያዳፋት አይቻታለሁ፤ በማግሥቱ እንሂድ ብዬው ነበር፤ አክስታችን ስለ ለመኑ ቀረን። ከእንግዲህ ሦስት ሌሊት ይበቃል። ስንወጣ ለምራቲቱ «ለልጆቹ ደብተር» ብዬ የሰጠኋትን ባለቤቴ አያውቅም ነበር፤ አሁን እዚህ አነበበ። እርሷም በምላሹ በቅቤ የተለወሰ ጩኮና አንድ ከረጢት በሶ አሸከመችኝ። በሶው እስከ ዛሬ አላለቀም።

የካታር ልጅ፣ ጥቅምት 24

ከሰማሁት ሁሉ ይህ መልስ ጠቀመኝ። ተወልጄ ያደግሁት በአሰላና በበቆጂ መካከል ነው፤ አሁን የምኖረው በአዳማ ነው። ስለ ወቅቱ ትንሽ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጥቅምት በአርሲ ደጋ አልፎ አልፎ ዝናብ ይጥላል፤ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገቡ ሰዎች ጥቁሩ አፈር ከረጠበ መኪና እንደሚይዝ አይርሱ። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ከሄዳችሁ ደግሞ አጨዳ ስለሚጀመር ቤት ውስጥ የምታገኙት ሕፃናትንና አረጋውያንን ብቻ ነው። ስለዚህ ታቦር ግርጌ የመረጡት ጊዜ ትክክል ነው።

በቆጂ አድረው ቢሆን ኖሮ ደግሞ በንጋት የሚሮጡትን ልጆች ያዩ ነበር። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያወጣች ከተማ ናት፤ በማለዳ ጉም ውስጥ የእግራቸው ድምፅ ቀድሞ ይሰማል፣ ልጆቹ ኋላ ይታያሉ።

ጥቁር ውኃ (አዳማ)፣ ኅዳር 9

ይህን ክር አንብበን እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ተቃራኒውን መንገድ ሄድን፤ ከአዳማ ወደ ሀዋሳ። የጠየቅነው ሁለታችንንም በአንድ ክፍል ያስተማሩንን፣ አሁን ጡረታ የወጡትን መምህራችንን ነው። በየአዳማዋ ምክር መሠረት መጀመሪያ ለልጃቸው ነገርን፣ ከዚያ ለእርሳቸው ደወልን፣ የደረስነውም በዘጠኝ ሰዓት ነው። በሆቴል አደርን፤ ቀኑን ግን ከእርሳቸው ጋር ዋልን። ለእኛ ይህ ሁለቱንም ወገን ያስማማ መንገድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጠዋት አሞራ ገደል ወሰዱን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ሰብስበው ድርሻቸውን ሲጠብቁ፣ ጉሬዛዎቹም ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ አየን። መምህራችን ከዚያ ወደ ከተማው መግቢያ፣ ወደ ጥቁር ውኃ ድልድይ ወሰዱን። የሀዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ ይህ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ወንዙም ከወንዶ ገነት በኩል የሚመጡትን ምንጮች በጨለለቃ ረግረግ አጣርቶ እንደሚያመጣ አስረዱን። ጨለለቃ እርሳቸው ወደ ሀዋሳ ሲመጡ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ከብት ይግጥበታል። የአቢጃታውን ታሪክ ከዚህ ክር አንብበን ስለ ነበር ወዲያው ገባን። ስሜን እዚህ የቀየርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ታቦር ግርጌ (ሀዋሳ)፣ ኅዳር 11

መምህርዎን በመጠየቃችሁ እጅግ ደስ ብሎኛል። ጨለለቃን እኔም በውኃ እንደ ተሞላ አስታውሰዋለሁ፤ ከሀዋሳ ወጥቼ ስለ አቢጃታ ሳዝን በደጄ ያለውን አለማንሣቴን አሁን አስተዋልሁ።

አዲስ ነገር አለኝ። ትናንት አክስቴ ራሳቸው ደወሉ። በሕይወታቸው ለእኔ ሲደውሉ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያ ቃላቸውም «አትደንግጥ፣ ማንም አልሞተም» የሚል ነበር። ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ሀዋሳ መጥተው ማክበር፣ በዚያውም ሐይቁን ማየት ይፈልጋሉ። በዶዶላና በኮፈሌ ያለው መንገድ ዳገትና ብርድ ስለሚበዛበት በአዳማና በሞጆ በኩል ቢመጡ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ሆኖም ለ86 ዓመት ሰው በአንድ ቀን ከአሰላ ሀዋሳ መድረስ ይከብዳል። የባለቤቴ እህት ቤት ደግሞ ደረጃ አለው፤ አክስቴ ደረጃ አይችሉም። በመካከል የት ቢያርፉ ይሻላል?

የአዳማዋ፣ ኅዳር 11

የእኛ ቤት ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም። እናቴም ከአልጋዋ አጠገብ ሌላ አልጋ አዘርግታ ጨርሳለች። ታኅሣሥ 16 ከሰዓት በኋላ ይድረሱ፤ በ17 አርፈው ይዋሉ፣ በ18 ማለዳ እኔ ራሴ መናኸሪያ ድረስ አብሬአቸው ሄጄ የፊት ወንበር አስይዝላቸዋለሁ። ጾም ስለ ሆነ ሽሮና ጎመን ነው የምናቀርብላቸው። ምራታቸውም አብረዋቸው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ እንጀራውን እኛ እንጋግራለን።